ጸጋ እና ጎረቤቶቹ

ጸጋ የግዕዝ ቃል ነው። ግሡ «ጸገወ» ይባላል፤ በፈቃዱ ሰጠ፣ ለገሠ፣ ቸረ ማለት ነው። ስለዚህ ጸጋ ሳይሸጥና ሳይለወጥ፣ ዋጋም ሳይጠየቅበት የተሰጠ ነገር ነው። ቃሉ ዛሬ በአማርኛ የያዛቸው ትርጉሞች ግን አንዳንዴ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። ሀብት ጸጋ ነው፤ ሀብትን ንቆ መመነንም ጸጋ ነው። የዘማሪ ድምፅ፣ የካህን ሥልጣን፣ የምንጭ ውኃ፣ ሕፃን በጥምቀት የሚያገኘው ልጅነት ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የሚያዛምዳቸው ግሡ ነው። አንዳቸውም ከባለቤታቸው እጅ አልጀመሩም፤ ሁሉም ከሌላ የመጡ ናቸው።

የቃሉን ሁለት ጫፎች በአንድ ቦታ ለማየት ሳሪስ አቦ ይበቃል። ከአዲስ አበባ መሀል ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕዝቡ ጻድቁን አሳጥሮ «አቦ» ይላቸዋል። ወር በገባ በ5 ወርኃዊ መታሰቢያቸው ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ደግሞ ዓመታዊ በዓላቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ልብስ ሳይሆን ጠጉር ለብሰው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ኖረዋል፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ባለው በዝቋላ ተራራም ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ጸልየዋል። ቤትም፣ ጥሪትም፣ ቅያሪም አልነበራቸውም። ምእመኑ ግን ጸጋ የበዛላቸው እያለ ይጠራቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲወረድ፣ ፎቅ ያቆመና መኪና የሚያስጭን ነጋዴም በዚያው ቃል «ባለጸጋ» ይባላል። ምንም የሌላቸውና ሁሉ የሞላለት በአንድ ቃል መጠራታቸው የቋንቋ ስህተት አይደለም። ቋንቋው የሚጠይቀው «ምን ያህል አለው» ብሎ ሳይሆን «ከማን አገኘው» ብሎ ነው።

«ባለጸጋ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው «ባለጠጋ» በሚል መልኩ ያውቀዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው። የግዕዙ «ጸ» በአማርኛ አንደበት ወደ «ጠ» መዞሩ የተለመደ ነው፦ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል፣ ጸብ ጠብ ሆኗል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የሉቃስን ወንጌል ሀብታም ሰው የሚጠራው «ባለ ጠጋ» ብሎ ነው። በኢትዮጵያ ትውፊት ይህ ሰው ስም አለው፤ ነዌ ይባላል። በደጁ ወድቆ ፍርፋሪ የሚመኘው ድሃ ደግሞ አልዓዛር ነው። «ነዌና አልዓዛር» ሲባል ታሪኩን የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር የሚቀመጡት ነዳያንም ሳይናገሩ ያስታውሱታል። የነዌ ጥፋት ባለጠጋ መሆኑ አልነበረም። በቃሉ ውስጥ ያለውን ስጦታ ረስቶ «ባለ» የሚለውን ብቻ ያዘ። (ዛሬ «ጠጋ» ሲባል ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው «ጠጋ በል» የሚለውን ነው፤ ባለጠጋን ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ ስለሚለው ቀልዱ ከእውነት አይርቅም፤ የቃላቱ ምንጭ ግን የተለያየ ነው።)

«ሀብት» የሚለው ቃልም ታሪኩ ያው ነው። የሚወጣው «ወሀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ወሀበ ማለት ሰጠ ነው። ሀብት በግዕዝ በመጀመሪያ ስጦታ ማለት ነበር። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ፣ ሀብተ ወልድ የሚባሉ ስሞች የማርያም ገንዘብ፣ የሥላሴ ንብረት ማለት አይደሉም፤ የማርያም ስጦታ፣ የሥላሴ ስጦታ ማለት ናቸው። የአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ስማቸው የጊዮርጊስ ስጦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን «ሀብተ ፈውስ» የመፈወስ ስጦታ፣ «ሀብተ ትንቢት» የትንቢት ስጦታ ነው። እንግዲህ አማርኛ ለብልጽግና የሚጠቀምባቸው ሁለቱ ታላላቅ ቃላት፣ ጸጋና ሀብት፣ ሁለቱም መነሻቸው መስጠት ነው። ሀብታም ማለት በጥሬው የተሰጠው ማለት ይሆናል። ለሌሎች ቋንቋዎች ሀብት ኃይል ወይም ክምችት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የመቀበል ስም ነው።

ይህ ስሌት በምስጋናም ይታያል። አንድ ሰው የተደረገለትን በጎ ነገር በራሱ አቅም መመለስ እንደማይችል ሲያውቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ «በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥህ» ማለቱ ነው። ውለታው ከሁለቱ ሰዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። በአቦ ደጃፍ «ስለ አቦ» ብሎ የለመነ ነዳይ ሳንቲም ሲደርሰው የሚያመሰግነው በዚህ ዓይነት ቃል ነው። የማይሰጥ መንገደኛም «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል። ስጦታን መቀበልም መከልከልም በአንድ ግሥ ይፈጸማሉ፤ ልዩነቱ ያለው በ«ልኝ» ላይ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጸጋ ጥብቅ ድንበር ያለው ቃል ነው፤ ተቃራኒውም «ባሕርይ» ነው። የባሕርይ የሆነ ነገር ከባለቤቱ ጋር ያለ፣ ከማንም ያልተቀበለው ነው። የጸጋ የሆነ ነገር ደግሞ የተሰጠ ነው። ወልድ ለአብ የባሕርይ ልጁ ነው፤ ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ተጠምቀው ሜሮን ሲቀቡ የሚያገኙት ልጅነት ግን የጸጋ ልጅነት ነው። ስግደትም እንዲሁ ይከፈላል። ለእግዚአብሔር የሚሰገደው የባሕርይ ወይም የአምልኮ ስግደት ነው፤ ለእመቤታችን፣ ለመስቀል፣ ለቅዱሳን የሚሰገደው የጸጋ ስግደት ይባላል። አንድ ሰው በአቦ ሥዕል ፊት ሲሰግድ ጻድቁን አምላክ እያደረገ አይደለም የሚለው መልስ የሚቆመው በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው። ጉዳዩ በታሪክ ቀላል አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለመስቀልና ለእመቤታችን አንሰግድም በማለታቸው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከባድ ስደት ደርሶባቸዋል።

ጸጋ የሚለው ቃል ራሱ የአንድ ወገን ስም እስከመሆን የደረሰበት ጊዜም አለ። ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ሊቃውንቱን የከፈለው የምሥጢረ ሥጋዌ ክርክር በመጨረሻ ሦስት ታላላቅ ወገኖችን ፈጥሮ ነበር፤ ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ እና «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት»። ሦስተኛው ወገን በተለይ በደብረ ሊባኖስና በሸዋ የጸና ነበር። ትምህርቱ ባጭሩ ሲቀመጥ፦ ክርስቶስ ከአብ አስቀድሞ የተወለደው አንድ፣ ከማርያም የተወለደው ሁለት፤ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ያገኘው የጸጋ ልጅነት ደግሞ ሦስተኛ ልደት ይቆጠራል ይላል። የተቃዋሚዎቹ መልስ ጠንካራና ግልጽ ነበር፦ የባሕርይ ልጅ ለሆነ የጸጋ ልጅነት ምን ያደርግለታል? የራሱ የሆነውን እንዴት በስጦታ ይቀበላል? ክርክሩ በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በተቀመጡበት፣ ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት ጉባኤ ተፈታ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ፣ እምቢ ያሉትም ተቀጡ። ከዚያ በኋላ «ጸጋ» የወገን ስም መሆኑ ቀርቶ ወደ ተለመደ ትርጉሙ ተመለሰ። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ዮሐንስ የሚለው ስም ራሱ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «እግዚአብሔር ቸር ሆነ» ነው። ሐና የሚለው የሴት ስምም ከዚያው ሥር ነው።

ጸጋ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ አብረውት የሚሄዱትን ግሦች መመልከት ይበቃል። ጸጋ ይሰጣል፣ ይበዛል፣ ይሞላል። ሲሄድ ግን አይጠፋም፤ ይገፈፋል። ይህ ግሥ ለቆዳና ለልብስ የሚነገር ነው። ከዚህ በስተኋላ ያለው የአዳም ታሪክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ አዳም በገነት የጸጋ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ትእዛዙን ሲጥስ ያ ልብስ ተገፈፈና ዕርቃኑን አየ። «ጸጋው ተገፈፈ» የሚለው አነጋገር ከዚያ ወርዶ ለተሻረ ባለሥልጣን፣ ግርማው ለራቀው ሰው፣ ድምፁ ለጠፋበት ዘፋኝ ሳይቀር ይነገራል። ስብከት ሲያልቅ ጉባኤው ለመምህሩ ከሚመርቀው መካከልም «ጸጋውን ያብዛልን» የሚል አለ።

የተለየ ችሎታ «ጸጋ» ሲባል ሰውየው ያላፈራው፣ የተቸረው ነው ማለት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ዘመናዊው አማርኛ «ተሰጥኦ» የሚል ቃል ለምዷል፤ ዛሬ የሥዕል፣ የእግር ኳስ፣ የቀልድ ችሎታ ሁሉ ተሰጥኦ ይባላል። በቅዳሴ ግን ተሰጥኦ ሌላ ነው፤ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ ነው። በግዕዙም ቃሉ መመለስን ያመለክታል። የዘመኑ ተናጋሪ በውስጡ «ሰጠ» የሚለውን ሰምቶ ወደ ስጦታ ወሰደው። አንድ ሰው ተሰጥኦ አለው ሲባል እንግዲህ የተሰጠው መሆኑ ወይም ለጠራው የሚመልስ መሆኑ በቃሉ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ስህተት ሆኖ ቢጀምርም ጥሩ ስህተት ነው።

ስሞቹ ለብቻቸው መጽሐፍ ይሆናሉ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አባት ጸጋ ዘአብ ይባሉ ነበር፤ የአብ ስጦታ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛም ስሙ ጸጋ ዘአብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ደርሶ ለዓመታት የተቀመጠው ይህ ሊቅ ስለ ኢትዮጵያውያን እምነት የጻፈውን ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1540 አሳትሞታል። አውሮፓውያን ስሙን «ዛጋ ዛቦ» ብለው ስለጻፉት ስጦታውም አብም ጠፍተዋል። በቅርቡ ዘመን ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን (1928–1998 ዓ.ም.) ስሙን ታላቅ አድርጎታል፤ «ጸጋዬ» ብሎ የጠራው ወላጅ ልጁን «የእኔ ስጦታ» ማለቱ ነው። በታፔላና በመታወቂያ ላይ «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል።

ብዙ ሰው ጸጋን ከ«ጽጌ» ጋር ያዛምዳል። ጽጌ አበባ ነው፤ ግሡም «ጸገየ» ማለትም አበበ ነው። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ በአንዱ «ወ»፣ በሌላው «የ»። በሥር የተለያዩ ቢሆኑም በዜማ ቀን መቁጠሪያ ተቀራርበዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ ነው፤ በየሳምንቱ ሌሊት አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ይዜማል። የጥቅምቱ የአቦ በዓልም የሚውለው በዚሁ የአበባ ወቅት ውስጥ ነው። ሳሪስ ላይ ይህ ዝምድና በሌላ መልኩም ይገኛል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር የደቡብ መስመር ወደ ቃሊቲ ሲወረድ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ ተከታትለው ይመጣሉ። አደይ አበባ የሚለውን ስም ያወጣው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የክር ፋብሪካ ነው፤ ቢሆንም አበባና ጻድቅ እዚህ ጎረቤት ናቸው።

ጸጋ የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፤ ልዩነቱ የሚታየው ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር ነው። የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ በዚህ ቦታ የሚጠቀምበት «ካሪስ» ከደስታ ጋር የሚዛመድ፣ ውበትና ደም ግባት የሚል ትርጉምም ያለው ቃል ነበር። እንግሊዝኛው «ግሬስ»ም የዳንሰኛን እርምጃና የአምላክን ምሕረት አብሮ ይዟል። የአክሱም ዘመን ተርጓሚዎች ግን በ«ካሪስ» ቦታ ያስቀመጡት የመስጠትን ቃል ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጸጋ ዓይን የሚስብ ነገር ሆኖ አያውቅም። ለዓይን የሚሆነው «ሞገስ» ነው። ሞገስ በሌላ ሰው ፊት መወደድ፣ ተቀባይነት ማግኘት ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኖኅ በአምላክ ፊት ያገኘው ሞገስ ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግርም አካሄዷ ሞገስ አለው ይባላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከአብርሃ ደቦጭ ጋር በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው ሞገስ አስገዶም ስሙ ይኸው ነው። ከአስፈሪነት ጋር ሲቀላቀል «ግርማ ሞገስ» ይሆናል፤ በአንደበት ላይ ሲሆን «ለዛ» ነው። የማያልቅ ነገር ሲሆን ደግሞ «በረከት» ነው። ያው ደመወዝ ለአንዱ ወር ሲደርስለት ለሌላው ሳምንት ሳይሞላው ካለቀ፣ ሁለተኛው ገንዘቡ «በረከት የለውም» ይላል። በረከት መጠንን አይቆጥርም፤ መቆየትን ይቆጥራል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጸጋ ሌላ ክብደት አለው። ከሉተር የተሐድሶ ትምህርት የመጣው «በጸጋ መዳን» ማለት ሥራ የማይገዛው፣ ለማይገባው የተሰጠ መዳን ነው። ምእመናኑ «ጸጋ ይብዛልህ» ብለው ይመራረቃሉ። ኦርቶዶክሱ ጸጋን በምሥጢራት፣ በጾምና በቅዱሳን ምልጃ በኩል ሲጠብቅ፣ ወንጌላዊው ያለ መካከለኛ በእምነት እቀበላለሁ ይላል፤ ብዙው የሰፈር ክርክር ስለ ቃሉ ትርጉም ሳይሆን ስለሚመጣበት መንገድ ነው። ሙስሊሙም ቃሉን ይጋራል። በአማርኛው ቁርአን አላህ ለፍጥረቱ ያደረገው መልካም ነገር «ጸጋ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ በረሕማን ምዕራፍ 31 ጊዜ የሚመላለሰው ጥያቄ ስለ ጌታ ጸጋዎች ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግዕዝ የተወለደ ቃል በመስጊድ ሳይቸገር ቤት አግኝቷል።

በሕግና በገንዘብ ቤት ግን ጸጋ ለሌሎች ቃላት ቦታውን ይለቃል። ከአቦ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው፤ በዚያ ሲጠበቅ የኖረው ደግሞ ምሕረትና ይቅርታ ነው። በሕግ ቋንቋ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምሕረት ወንጀሉን ራሱን እንዳልተፈጸመ ሲያስቆጥር፣ ይቅርታ ፍርዱን ሳይነካ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን ለርእሰ ብሔሩ ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፉ ከልክሏል። ብድር የወሰደ ሰው ዋናውን መክፈል እስኪጀምር የሚሰጠው ጊዜ «የእፎይታ ጊዜ» ነው፤ እንግሊዝኛው ግሬስ ያለበትን ቦታ አማርኛ በእፎይታ ሞልቶታል፤ ተበዳሪው ሸክሙን ለጊዜው አስቀምጦ መተንፈሱን ይናገራል። እንግሊዝኛው ግሬስ የሚለው ከማዕድ በፊት የሚባል ጸሎትም እዚህ «ጸሎተ ማዕድ» እንጂ ጸጋ አይባልም።

ጸጋ በመንግሥት ቋንቋ ደግሞ አዲስ ሕይወት አግኝቷል። «የተፈጥሮ ጸጋ» የሚለው ሐረግ ወንዝን፣ ማዕድንን፣ ለም አፈርን፣ የአየር ንብረትን ያጠቃልላል፤ በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው «የጸጋ ልየታ» ይሠራል፤ እቅዱም የሚነደፈው «ባለን ጸጋ ልክ» ነው። አቃቂ ቃሊቲም በዚህ ትርጉም ጸጋ አላት፤ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ ነው። አጠቃቀሙ ከግዕዙ ብዙ አልራቀም፤ ውኃውን ማንም አልሠራውም፣ ተገኘ እንጂ። የተለወጠው ሰዋስው ነው። በድሮው ንግግር ጸጋ ባለቤቱ የሚነገርለት ነበር፤ የእግዚአብሔር ጸጋ፣ የአብ ጸጋ፣ የጌታ ጸጋ። በሪፖርቱ ግን «የአካባቢው ጸጋ» ነው፤ ውኃው፣ መሬቱ፣ የሠራተኛው ጉልበት ይዘረዘራሉ፣ ይመደባሉ፣ በመቶኛ ይሰላሉ፤ ሰጪው የሚጻፍበት አምድ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።